ዴሞክራሲ ተጠየቅ!

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም ሆነ ቡና ላይ፣ ወሬው ወደ ፖለቲካ ባዘነበለ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም፦ «ይሄ ሕዝብ ዴሞክራሲ አያውቅበትም። ለዚህ አገር የሚበጀው ቆፍጣና ሰው ነው።» ከተቀመጡት ግማሾቹ «እውነት ነው!» ይላሉ። አንዱ ሲንጋፖርን፣ ሌላው ቻይናን ያነሣል። ተናጋሪው ደፍሮ አዲስ ነገር ያወጣ ይመስለዋል። ሐሳቡ ግን ከ2,400 ዓመት በላይ ያረጀ ነው፤ መጀመሪያ በጉልህ የተሰማውም ከንጉሥ አደባባይ ሳይሆን ከራሱ ከዴሞክራሲ ጉባኤ መካከል ነው። (የውጭውን ታሪክ ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን በዓመተ ምሕረት እጽፋለሁ።)

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 በሌስቦስ ደሴት የምትገኘው የሚቲሊኒ ከተማ በአቴና ላይ ሸፍታ ተሸነፈች። የአቴና ሰዎች በቁጣ እንደነደዱ ተሰብስበው የከተማዋ ወንድ ሁሉ እንዲገደል፣ ሴቶችና ሕፃናት ለባርነት እንዲሸጡ ወሰኑ። ትእዛዙን የያዘች መርከብ ወዲያው ተነሣች። ሌሊቱን ግን ብዙ ሰው እንቅልፍ አጣ መሰለኝ፤ በማግስቱ ጉባኤው እንደገና ተጠራ። ውሳኔው እንዳይሻር የተነሣው ክሊዮን ንግግሩን የጀመረው ዴሞክራሲን በመክሰስ ነበር፦ ዴሞክራሲ ሌላውን ሕዝብ መግዛት እንደማይችል ብዙ ጊዜ ታዝቤያለሁ፤ ዛሬ የወሰናችሁትን ነገ ታፈርሳላችሁ፤ ንግግር የምታዳምጡት እንደ ትርኢት ተመልካች ነው፤ መጥፎ ሕግ ያለው ግን የማያነቃንቀው አገር፣ ጥሩ ሕግ ኖሮት ከማይጸናበት ይሻላል እያለ። መልስ የሰጠው ዲዮዶተስ ስለ ምሕረት አልሰበከም። ችኮላና ቁጣ የመልካም ምክር ጠላት ናቸው አለ፤ እጁን የሰጠውንም ያልሰጠውንም እኩል ከገደልን ነገ የሚሸፍት ከተማ እስከ መጨረሻው ሰው ይዋጋናል አለ። እጅ ሲቆጠር ዲዮዶተስ በጥቂት ብልጫ አሸነፈ። ሁለተኛዋ መርከብ ስትላክ ቀዛፊዎቹ በወይንና በዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት ከመቅዘፊያው ሳይለዩ እየበሉ፣ በየተራ እያሸለቡ ገሰገሱ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ተነብቦ ሊፈጸም ሲል ደረሱ። የአመፁ መሪዎች ግን አልተረፉም፤ አቴና ገድላቸዋለች።

ይህን ታሪክ የጻፈልን ቱሲዲደስ ዴሞክራሲን እንደ ልጁ የሚወድ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ሁለቱም ወገን ታሪኩን ይጠቅሰዋል። አንዱ «እዩት መንጋውን፣ በአንድ ቀን ቁጣ ከተማ ሊፈጅ!» ይላል። ሌላው «እዩት፣ አድሮ ራሱን አረመ» ይላል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ክሊዮን ዴሞክራሲ አይረባም ብሎ ለዴሞክራሲ ጉባኤ ተናገረ፣ ተሸነፈ፣ ቤቱ ሄደ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ተነሥቶ ተናገረ።

ሁሉም እንዲህ አልታደሉም። ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 በሕዝብ ዳኞች ድምፅ ሞት ተፈርዶበታል፤ ለነቃፊዎች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልተገኘም። ተማሪው ፕላቶ አገርን በመርከብ መስሎ፣ ባለመርከቡን ሕዝብ አርቆ የማያይ፣ ደንቆሮ ግዙፍ ሰው አድርጎ ሣለው፤ መርከበኞቹ መሪውን ለመጨበጥ ሲሻኮቱ፣ ኮከብ አይቶ መንገድ የሚያውቀው ሰው «ሰማይ ሲያይ የሚውል ለፍላፊ» ይባላል። ይህ ምሳሌ የነቀፋው ሁሉ እናት ነው። ነገር ግን ከሶቅራጥስ ሞት አምስት ዓመት በፊት አቴና «ዐዋቂ» ገዥዎችን ሞክራ ነበር። ሠላሳው የሚባሉት፣ በስፓርታ ድጋፍ ሥልጣን የያዙት ገዥዎች አንድ ዓመት እንኳ ሳይደፍኑ 1,500 ያህል ሰው እንደገደሉ ይነገራል። መሪያቸው ክሪቲያስ የፕላቶ እናት የአጎት ልጅ፣ የተማረና ባለቅኔ ነበር። በፕላቶ ስም የቆየው ሰባተኛ ደብዳቤ እነዚህ ሰዎች ያለፈውን ሥርዓት ወርቅ አስመሰሉት ይላል። ሊቃውንት ደብዳቤው የፕላቶ ይሁን አይሁን ይከራከራሉ፤ ቁጭቱ ግን የእውነት ነው።

በዚያው ዘመን የተጻፈች አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ ጸሐፊዋ ስላልታወቀ «የድሮው ኦሊጋርክ» ብለው ይጠሩታል። ሰውየው ድሀ ሲገዛ ማየት ያንገሸግሸዋል። ያም ሆኖ ሐቁን አይሸሽግም፦ መርከቡን የሚቀዝፈው ድሀው ነው፣ የአቴና ጉልበት መርከቧ ነው፣ ስለዚህ ድሀው ቢገዛ የራሱን ጥቅም ዐውቆ ነው ይላል። ከወዳጅ ውዳሴ ይልቅ የዚህ ዓይነቱ ጠላት ምስክርነት ይበልጥ ያስተምራል።

ለፕላቶ መልሱን የሰጠው የገዛ ተማሪው ነው። አርስቶትል ብዙ ሰው ያዋጣበት ድግስ አንድ ሰው ከሚደግሰው ሊበልጥ ይችላል አለ። እኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የእኛው ስለ ሸክም፣ የእሱ ስለ ዕውቀት መሆኑ ነው ልዩነቱ። በ1785 ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ ነገሩን በሒሳብ አሰላው። እያንዳንዱ ሰው ትክክለኛውን መልስ የማግኘት ዕድሉ 60 በመቶ ቢሆን፣ ሦስት ሰዎች በአብላጫ ድምፅ ሲወስኑ 64.8 በመቶ ይደርሳሉ፤ 101 ሰዎች ደግሞ ወደ 98 በመቶ። ሒሳቡ ግን ሁለት አፍ ያለው ቢላ ነው፤ የእያንዳንዱ ዕድል 40 በመቶ ከሆነ ያው 101 ሰው ትክክሉን የሚያገኘው ከመቶ ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ስሌቱ የሚሠራው እያንዳንዱ በራሱ ካሰበ ነው። መቶ አንዱም አንድ ሬዲዮ ሰምተው፣ አንድ ወሬ ተቀባብለው ከመጡ፣ ሰው እንጂ ሐሳብ አልበዛም።

በ1907 እንግሊዛዊው ጎልተን ያሳተመው ታሪክ ለእኛ ይቀርበናል፤ ቅርጫ ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። በፕሊመዝ ከተማ የከብት ትርኢት ላይ ሰዎች አንድ በሬ ታርዶ ተገፎ ሥጋው ስንት ይመዝናል ብለው ተወራረዱ። ከ787 ግምቶች መካከለኛው 1,207 ፓውንድ ሆነ፤ ሲመዘን 1,198። ስሕተቱ አንድ መቶኛ አይሞላም። ጎልተን የሰውን ልጅ በዘር ጥራት መምረጥ ይገባል ብሎ የሚያምን፣ ተራውን ሕዝብ የሚንቅ ሰው ነበር፤ ያገኘውን ግን አልደበቀም። ልብ በሉ፣ ተወራራጆቹ ከኪሳቸው ከፍለዋል፣ በሬውንም በዓይናቸው አይተዋል። መራጭ ግን በሬውን አያይም፤ የሚያየው የደላላውን አፍ ነው።

እዚህ ላይ ነው የዘመናችን ነቀፋ ጉልበት የሚያገኘው። አሜሪካዊው አንተኒ ዳውንስ በ1957 እንዳስረዳው፣ የአንድ ሰው ድምፅ ውጤት የመለወጥ ዕድሉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ስለ ፖለቲካ አለማወቅ ለግለሰቡ ስንፍና ሳይሆን ብልሃት ነው። ጄሰን ብሬናን በ2016 ባሳተመው «ፀረ ዴሞክራሲ» መጽሐፉ መራጩን ይመድበዋል፦ ግድ የሌለው፣ እንደ ኳስ ሜዳ ደጋፊ ለቡድኑ የሚጮኽ፣ እና አመዛዝኖ የሚያስብ። ሦስተኛው ጥቂት ስለሆነ ሥልጣኑ ወደሚያውቀው ያድላ ይላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የነፃነት አባት የሚባለው ጆን ስቱዋርት ሚል ራሱ በ1861 ከሞላ ጎደል ሁሉም ይምረጥ፣ የተማረው ግን ከአንድ ድምፅ በላይ ይኑረው ብሎ ነበር። ያው ሰው ሴቶች እንዲመርጡ በእንግሊዝ ፓርላማ የተሟገተ ነው፤ ሚልን ቆርጦ አንዱን ጎራ ማስታጠቅ አይቻልም።

የብሬናን ምርመራ በአብዛኛው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ደጋፊና ተቃዋሚ ሲሰዳደብ የዋለበትን ማንኛውንም ሻይ ቤት የሚያውቅ ሰው አይክደውም። መድኃኒቱ ላይ ግን እንለያያለን። ፈተናውን ማን ያወጣል? በአሜሪካ ደቡብ ክፍለ ግዛቶች የመራጭ ማንበብና መጻፍ ፈተና ነበር፤ ፈታኙ ነጭ፣ የሚወድቀው ጥቁር፣ እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ድረስ። ዐዋቂው ሲሳሳት ደግሞ ለማን አቤት ይባላል? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባላችን ንጉሥ አይሳሳትም አላለም። አይከሰስም ነው ያለው። የነቃፊዎቹ ሁሉ ክፍተት እዚች ላይ ነው፦ ጥሩ ገዥ እንዴት እንደሚገኝ ይነግሩናል፣ መጥፎው እንዴት እንደሚወርድ ግን አይነግሩንም።

ምርጫ ራሱ ጥቂቶችን ያነግሣል የሚለውን ክስ ሮበርት ሚሼልስ በ1911 አቅርቦታል። የጀርመንን ሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ ከውስጥ አጥንቶ፣ ድርጅት ባለበት ሁሉ የጥቂቶች አገዛዝ አለ አለ። ከዚያ ተስፋ ቆርጦ የሙሶሊኒ ፓርቲ አባል ሆነ፤ በሽታውን መርምሮ መርዙን እንደ መጠጣት ነው። እኛም ቁጥር አለን። በ2002ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበር 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ደግሞ 547ቱንም። ሕገ መንግሥቱ በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ያገኘ ያልፋል ስለሚል፣ ለሌላው የተሰጠ ድምፅ ወንበር ሳይሆን አየር ላይ ይቀራል፤ ይህ ስለ ምርጫው ነፃነት የሚነሣውን ጥያቄ እንኳ ሳንነካ ነው። ዕጣ የሚሉ አሉ፤ አቴናም የ500ውን ምክር ቤት የምትሞላው በዕጣ ነበር። አየርላንድ ከ2016 ጀምሮ በዕጣ የተውጣጡ 99 ዜጎችን አስቀምጣ ስለ ፅንስ ማቋረጥ አስመከረች፤ ጉዳዩ በ2018 ለሕዝብ ሲቀርብ 66.4 በመቶ ደገፈው። በ2024 ግን፣ የሌላ ዜጎች ጉባኤን ምክር ተከትለው የቀረቡ ሁለት ማሻሻያዎችን ሕዝቡ በከፍተኛ ድምፅ ጣላቸው። ዕጣም ቢሆን የሕዝብን ልብ አስቀድሞ አያውቅም።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ሰውዬ ልመለስ። እሱን ያስጨነቀው እንጀራ እንጂ የመራጭ ዕውቀት አይደለም። «ሆድ ሳይጠግብ ምን ምርጫ?» የሚለው ከሁሉም ጠንካራው ክስ ነው። የቻይና መንግሥት ባለፉት አርባ ዓመታት መቶ ሚሊዮኖችን ከድህነት አውጥቷል፤ ሊ ኳን ዩ ሲንጋፖርን ሦስት ዐሥርት ዓመት መርተው ከወደብ ከተማነት ሀብታም አገር አድርገዋታል። መለስ ዜናዊም በግንቦት 2004 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ የኢኮኖሚ ጉባኤ ዕድገትና ዴሞክራሲን በግድ የሚያስተሳስሩ ክርክሮችን እንደማይቀበሉ ተናግረዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ተከታዩ ሐሳባቸው ነው፦ ዴሞክራሲ የሚያስፈልገን ለማደግ ብለን ሳይሆን እንደ አገር ለመቆየት ነው የሚል ነበር። የመንግሥታቸው ሥራ ከዚህ ቃል ጋር ስለ መስማማቱ አንባቢ የየራሱ ፍርድ አለው።

የቆፍጣና ሰው ችግሩ ሎተሪ መሆኑ ነው። ሊ ኳን ዩ የወጣለት አለ፤ የኮንጎው ሞቡቱ የወጣበት ደግሞ ከ1965 እስከ 1997 ተቀምጦ ጠብቋል። ስለ ሎተሪ ስናወራ የምናየው የአሸናፊውን ፎቶ ብቻ ነው።

ሆድን ካነሣን ሕንዳዊውን የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴንን መዝለል አይቻልም፤ ሴን ደግሞ የሚያወራው ስለ እኛ ነው። በ1981 ባሳተመው የረሃብ ጥናቱ አንዱ ምዕራፍ የወሎ ነው። በ1965 በወሎ ሰው ሲያልቅ፣ የአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም፤ ምርቱ የጠፋበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውምና። እንዲያውም እህል ከወሎ ይወጣ ነበር። ሴን ኋላ ላይ፣ የሚሠራ ዴሞክራሲና ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር ከባድ ረሃብ ደርሶ አያውቅም ወደሚለው ሐሳቡ አደገ። ምክንያቱ የዴሞክራሲ መሪ ደግ ስለሆነ አይደለም። ረሃቡን የሚያወራ አለ፤ የሰማም መሪውን ያወርደዋል።

የንጉሡ መንግሥት የወሎን ረሃብ ሸሸገ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በአውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1973 በአገሩ ቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር አቀናብሮ በ1967 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየ፤ ንጉሡ በማግስቱ ወረዱ። ዐሥር ዓመት ሞላ። በ1977 መስከረም ያው ደርግ የዐሥረኛ ዓመት በዓሉን በሰልፍና በርችት ሲያከብር፣ የእርዳታ ማስተባበሪያው ያስጠነቀቀው ረሃብ ከበዓሉ ጀርባ ተጋርዶ ነበር። ወሬውን እንደገና የሰማነው ከውጭ ጣቢያ ነው። ፊልሙን ያሳየው ሰው የፊልሙን ትምህርት አልተማረም ማለት ቀላል ነው፤ ግን ማን ያስተምረው? ጋዜጣው የእሱ ነው።

ሴንም የራሱን ወገን አልማረም። ቻይና ከ1958 ጀምሮ በተከታታይ ዓመታት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው በረሃብ ስታጣ ሕንድ እንዲህ ያለውን አላየችም፤ ሕንድ ግን ጋዜጣ የማይጮኽለትን የዘወትር መጎሳቆል ታግሣ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያንኑ ያህል ሰው በዝምታ ትቀብራለች ብሎ ጽፏል። ጋዜጣ እልቂትን ያያል፣ ክሳትን አያይም። ይህን ነጥብ ከዴሞክራሲ ጠላቶች አፍ በእንዲህ ያለ ግልጽነት አልሰማሁትም።

የቀረው፣ ዴሞክራሲ የሚነቅፈውን ሁሉ ማስተናገድ አለበት ወይ የሚለው ነው፤ ይህኛው ያስቸግረኛል። «ሂትለር በምርጫ ነው የመጣው» ሲባል ግማሽ እውነት ነው። ናዚዎች በሐምሌ 1932 37.3 በመቶ አገኙ፤ በኅዳር ወደ 33.1 ወረዱ፤ በነፃ ምርጫ ከግማሽ በላይ አግኝተው አያውቁም። በጥር 1933 ሂትለርን የሾሙት ገርተን እንገዛዋለን ያሉ የቤተ መንግሥት ፖለቲከኞች ናቸው። በመጋቢት ፓርላማው ሥልጣኑን በ444 ለ94 ሲያስረክብ ኮሙኒስቶቹ ታስረው ወይም ተሰደው ነበር፤ 94ቱ በሙሉ የሶሻል ዴሞክራቶቹ ነበሩ። ከዚህ የተማረችው ምዕራብ ጀርመን ሥርዓቱን ሊያፈርስ የተነሣን ፓርቲ ፍርድ ቤቱ እንዲያግድ በሕገ መንግሥቷ ጻፈች፤ በ1952 የናዚ ወራሾችን፣ በ1956 ኮሙኒስቶችን አገደች። በ2017 ግን ያው ፍርድ ቤት አንድ ቀኝ አክራሪ ፓርቲን ዓላማው ፀረ ሕገ መንግሥት ቢሆንም አቅም የለውም ብሎ ተወው። አሜሪካ በሌላ መንገድ ሄደች፤ በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የኩ ክላክስ ክላን መሪ የተናገረውን ሳይቀር፣ ወዲያው ሕገ ወጥ ድርጊት የሚቀሰቅስ ካልሆነ አይቀጣም አለ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ ፍርድ ቤቱ ከመንግሥት ራሱን ለቻለበት አገር የጀርመኑ፤ ላልቻለበት አገር የአሜሪካው። የማገድ ሥልጣን ለማን እንደሚደርስ አይታወቅማ።

አገራችን የራሷ የክርክር ባህል አላት። በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ አንዳንዴ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ በቁራኛ፣ ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። «ተጠየቅ!» ይባባላሉ፣ በሰምና ወርቅ ይወጋጋሉ፣ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። የተረታው በቅሎውን ይከፍላል። ስለ ባህሉ ሲወራ የአንደበቱ ውበት ይደነቃል፤ እኔ የማደንቀው ውርርዱን ነው። ለክርክሩ የተያዘው በቅሎ እንጂ አንገት አልነበረም።

በ1968 በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በሚለው ዓምድ የተካሄደው ክርክር በአማርኛ ከተጻፉት የዴሞክራሲ ሙግቶች ሁሉ የጦፈው ነው። ከሁለቱ ተቀናቃኝ የግራ ድርጅቶች ኢሕአፓን የሚደግፉት ዴሞክራሲ ለጭቁኑ ያለ ገደብ፣ አሁኑኑ፣ ከጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ጋር አሉ። መኢሶንን የሚደግፉት ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እየሰጡ፣ ሕዝቡ ሳይነቃና ሳይደራጅ የሚታወጅ ዴሞክራሲ ለአድኃሪው ይጠቅማል አሉ። የፓርላማውን ዓይነት ዴሞክራሲ ሁለቱም «የከበርቴ» ብለው ንቀውታል። ሆኖም ጠላት የሚሉትን ሐሳብ ጠቅሰው፣ አንብበው፣ ነጥብ በነጥብ ይመልሱ ነበር፤ ክሊዮንና ዲዮዶተስ ቢያነቡት የሚገባቸው ክርክር ነው። ዳኛ ግን አልነበረም፤ የዓምዱ ባለቤት ጠመንጃ የያዘው ሦስተኛው ወገን ነበር። «ባንዳ» እና «አናርኪስት» የሚሉት ቃላት የነጥቡን ቦታ ወሰዱ። በ1969 እና በ1970 ተከራካሪዎቹ በየመንገዱ ወደቁ፤ መጀመሪያ አንዱ ወገን፣ ቀጥሎ ሌላው።

ጋዜጣው ዛሬም ወመዘክር ገብቶ ይነበባል። ከአንዳንዶቹ ጽሑፎች ግርጌ የብዕር ስም አለ። የማን እንደነበረ የሚነግሩን ሰዎች፣ ብዙዎቹ፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ነው የሞቱት።